ስለ አቶሚክ ኃይል ጥበቃ የሕዝብ አቤቱታ እንዴት እንደሚሰማ

ሹም ሕግን ለማስከበር ቢሾምም፥ ሕግ የሚፈርስበትን ስፍራ ሁሉ በገዛ ዓይኑ ሊያይ አይችልም። ብዙ ጊዜ ጥፋቱን አስቀድሞ የሚያየው በዚያው የሚሠራው ሠራተኛ ወይም በአጠገቡ የሚኖረው ሕዝብ ነው። ስለዚህ በማናቸውም አገር የመንግሥት ሥራ የሚቃናው፥ ያየ ሰው የሚናገርበት፥ የተናገረውም ነገር የሚመረመርበት በር ሲኖር ነው። የሥራው አደጋ በበዛ መጠን ደግሞ ይህ በር ይልቁን ያስፈልጋል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1986 ዓመት በቸርኖቢል፥ በ2011 ዓመትም በፉኩሺማ እንደ ታየው፥ ከአቶሚክ ኃይል የሚመጣ ጥፋት አንድ ጊዜ ከደረሰ በኋላ በካሳ የሚመለስ አይደለም።

በአሜሪካ የተባበሩት መንግሥታት ቀድሞ የአቶሚክ ኃይል ኮሚሲዮን የተባለው መሥሪያ ቤት ይህን ኃይል የማስፋፋትንም የመቆጣጠርንም ሥራ አጣምሮ ይዞ ነበር። ነገር ግን አስፋፊና ተቆጣጣሪ አንድ እጅ ሊሆን አይገባም ተብሎ፥ በ1974 ዓመት በወጣው ሕግ ሥራው ተከፈለ፤ የኒዩክሌር ተቆጣጣሪ ኮሚሲዮንም ከጥር ወር 1975 ጀምሮ ሥራውን ያዘ። ይህንንም ኮሚሲዮን ፕሬዚዳንቱ መርጦ ሴኔቱ የሚያጸድቃቸው አምስት አባላት ይመሩታል።

በዚህ መሥሪያ ቤት ደንብ ውስጥ ቍጥር 2.206 የተባለው ክፍል ለሕዝብ የተከፈተው በር ነው። በደንቡ ቃል መሠረት ማንም ሰው፥ የአንድ ባለ ፈቃድ የሥራ ፈቃድ እንዲሻሻል፥ ለጊዜው እንዲታገድ ወይም ፈጽሞ እንዲሰረዝ፥ ወይም ሌላ ተገቢ እርምጃ እንዲወሰድ በጽሑፍ ሊለምን ይችላል። አቤቱታውም ለመሥሪያ ቤቱ የሥራ ዋና ኃላፊ ይቀርባል። አቤት ባዩ ሁለት ነገር መግለጥ አለበት፤ መጀመሪያ የሚለምነው እርምጃ ምን እንደ ሆነ፥ ሁለተኛም ለዚያ ልመና መሠረት የሚሆነው ነገር ምን እንደ ሆነ። የአቶሚክ ኃይልን በጠቅላላው መጥላት ወይም ያለ ማስረጃ መጠርጠር ብቻውን አይበቃም። ቀድሞ ተመርምሮ የተፈታ ነገርም አዲስ ማስረጃ ካልተጨመረበት እንደ ገና አይታይም። አቤቱታው በግልጥ ለሕዝብ የሚታይ ስለ ሆነ፥ ስሙ እንዲሰወርለት የሚሻ ሰው ለምስጢር ጥቆማ በተዘጋጀው በሌላው መንገድ ይሄዳል።

አቤቱታው ከደረሰ በኋላ የመርማሪዎች ጉባኤ ይሰበሰብበታል፤ አቤት ባዩም ቀርቦ ነገሩን በቃል እንዲያስረዳ ይፈቀድለታል። ጉባኤው ከተቀበለው ነገሩ በባለሙያዎች ይመረመራል፤ ከዚያም የክፍሉ ዲሬክተር የውሳኔውን ረቂቅ ለአቤት ባዩና ለባለ ፈቃዱ ልኮ አሳባቸውን ይጠይቃል። በመጨረሻም የተለመነው እርምጃ የሚወሰድ እንደ ሆነ ይወሰዳል፤ የማይወሰድ እንደ ሆነም ምክንያቱ በጽሑፍ ይነገራል። ኮሚሲዮኑ ከፈለገ በራሱ አሳብ ይህን ውሳኔ በ25 ቀን ውስጥ ሊመረምረው ይችላል፤ አቤት ባዩ ግን ይግባኝ ለማለት መብት የለውም።

የዚህን ሥራ ጥቅም ከሚያሳዩት ነገሮች አንዱ በኮኔቲከት አገር በሚልስቶን ጣቢያ የሆነው ነው። በነሐሴ ወር 1995 አንድ የኩባንያው መሐንዲስ ከአንድ የሕዝብ ማኅበር ጋር ሆኖ አቤቱታ አቀረበ። የክሱም ፍሬ፥ ጣቢያው ነዳጅ በሚለውጥበት ጊዜ ገና ያልቀዘቀዘውን ነዳጅ በሙሉ ፈቃዱ ከሚለው ውጪ ወደ ማቀዝቀዣው ኩሬ ያወርዳል የሚል ነበር። ነገሩ በተመረመረ ጊዜ፥ የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ራሳቸው ይህን ልማድ እያወቁ ከፈቃዱ ጋር ሳያመዛዝኑት እንደ ቆዩ ተገለጠ። ምርመራውም እየሰፋ ሄዶ ሌሎች ብዙ ጉድለቶች ስለ ተገኙ፥ በ1996 ዓመት ሦስቱም የሚልስቶን ጣቢያዎች ሥራ ፈትተው ያለ ኮሚሲዮኑ ውሳኔ እንዳይነሡ ሆነ። በ1997 ዓመትም ኩባንያው 2.1 ሚሊዮን ዶላር መቀጫ ተጣለበት። ሁለቱ ጣቢያዎች ከብዙ እርማት በኋላ ሲነሡ፥ የመጀመሪያው ግን ዳግመኛ ሳይነሣ ቀረ። ይህ ሁሉ የአንድ ወረቀት ሥራ ነው አይባልም፤ ዳሩ ግን ነገሩን ከተኛበት የቀሰቀሰው ያ አቤቱታ ነው።

ነገር ግን የዚህን በር ጥበት መሸሸግ አይገባም። የሚፈቀዱት አቤቱታዎች ከሚከለከሉት በጣም ያነሱ ናቸው። በ1985 ዓመት የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሌላ መሥሪያ ቤት ነገር ላይ ሲፈርድ፥ አንድ መሥሪያ ቤት ሕግ የማስከበር እርምጃ አልወስድም ያለ እንደ ሆነ ፍርድ ቤት እንደ ልማዱ አይገባበትም አለ። በ1989 ዓመትም የዋሽንግተን የይግባኝ ፍርድ ቤት ይኸንኑ ፍርድ በቍጥር 2.206 አቤቱታ ላይ አጸናው። እንግዲህ በሩ ለሁሉ የተከፈተ ሲሆን ቍልፉ በመሥሪያ ቤቱ እጅ ይገኛል። አቤቱታው ተቆጣጣሪውን ራሱን ቸልተኛ የሚያሰኝ በሆነ ጊዜ ደግሞ፥ ዳኛው በገዛ ሥራው ላይ ፈራጅ ይሆናል። ለዚህ ወገን መልስ የሚሰጡት ሰዎች በበኩላቸው፥ የትኛው አደጋ እንደሚቀድም የሚያውቀው ባለሙያ ነው፤ አቤት ባይ ሁሉ በፍርድ ቤት ሊያስገድደው ቢችል የጥበቃው ሥራ በክርክር ይባክናል ይላሉ። ይህም ምክንያት የሌለው ነገር አይደለም።

ስለዚህ የሥራው ክብር የሚጠበቀው በአንድ ነገር ነው፤ እርሱም በጽሑፍ የሚሰጠው ምክንያት ነው። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» እንደ ተባለው፥ ሰውን ከመረታት ይልቅ የሚያስመርረው ሳይሰሙት መቅረት ነው። ምክንያቱ በሚገባ ከተጻፈ የተከለከለው ሰው እንኳ ሊያመዛዝነው፥ ሌላ ማስረጃ ቢያገኝም ተመልሶ ሊያቀርበው ይችላል። ምክንያቱ ለይስሙላ የተጻፈ እንደ ሆነ ግን አቤቱታ መቀበል የሹሙን ቸልተኝነት መሸፈኛ ከመሆን አያልፍም። አቤት ባይ ማስረጃውን አጥርቶ ሲያቀርብ፥ ሹምም ከማን እንደ መጣ ሳይሆን እውነት መሆኑን ሲመረምር፥ ሕግ ተከብሮ ሕዝብም በሰላም ያድራል።