የቆሰለ ወታደር ካሣ በምን ይቈረጣል?

ከጦር ሜዳ አካሉ ጐድሎ የተመለሰ ወታደር ከመንግሥቱ ዘንድ ምን ያገኛል ተብሎ ቢጠየቅ፥ ብዙ ሰው «ጡረታ ነዋ!» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። በአሜሪካ ግን ጡረታና የጉዳት ካሣ የተለያዩ ናቸው። ጡረታ ለረጅም ዘመን አገልግሎት የሚከፈል ነው፤ ካሣ ግን ሁለት ዓመት ብቻ ላገለገለውም ቢሆን፥ በአገልግሎቱ ምክንያት ለደረሰበት ጉዳት በየወሩ የሚሰጥ፥ ግብርም የማይነካው ገንዘብ ነው። ከአገራችን ሰዎች ወደዚያ ተሻግረው በዚያ አገር ሠራዊት ያገለገሉ ስላሉ፥ አሠራሩን ማወቅ ለአንዳንድ ወላጆችም ሳይጠቅም አይቀርም።

አመልካቹ የቀድሞ ወታደሮችን ጉዳይ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሦስት ነገር ማስረዳት አለበት። አንደኛ፥ ዛሬ ሕመም ወይም ጉዳት ያለበት መሆኑን፤ ሁለተኛ፥ በአገልግሎት ላይ ሳለ አንድ ነገር የደረሰበት መሆኑን፤ ሦስተኛ፥ የዛሬው ሕመም ከዚያ የመጣ መሆኑን። ከሁሉ የሚያስቸግረው ሦስተኛው ነው።

ይህ ከታመነለት በኋላ ጉዳቱ ከ0 እስከ 100 በአሥር በአሥር እየተቈጠረ በመቶኛ ይመደባል። እዚህ ላይ ለሒሳብ መምህራችን የማቀርበው እንቈቅልሽ አለ። አንድ ሰው ለእግሩ 50፥ ለጆሮው 30 በመቶ ቢመደብለት ድምሩ 80 አይሆንም። መጀመሪያ ሙሉ ጤና ከሚባለው 100 ላይ 50 ይነሣና 50 ይቀራል። ሁለተኛው 30 በመቶ የሚታሰበው ከዚህ ከቀረው ላይ ስለ ሆነ 15 ብቻ ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 65 ይመጣሉ፤ 5 ወደ ላይ ስለሚጠጋጋ 70 ተብሎ ይጻፋል። ከጤናው ግማሹን ያጣ ሰው ሁለተኛው ጉዳት የሚወስድበት ከቀረው ግማሽ ላይ ነው ማለታቸው ነው። ሒሳቡ ትክክል ይሁን እንጂ፥ እግሩም ጆሮውም ለጐዳው ሰው ማስረዳቱ የሚቀል አይመስለኝም።

ወደ ሦስተኛው ነጥብ እንመለስ። በቪየትናም ጦርነት ከ1962 እስከ 1971 እ. ኤ. አ. ድረስ የአሜሪካ ጦር የደኑን ቅጠል ለማርገፍ ከአውሮፕላን መርዝ ይረጭ ነበር፤ ከመርዞቹ ዋናው «ኤጀንት ኦሬንጅ» ይባላል። ጥይት ያቈሰለው ሰው ቍስሉ ዕለቱኑ ይታያል። መርዙ ግን ከብዙ ዓመት በኋላ ካንሰር ሆኖ ብቅ ሲል፥ ወታደሩ ምንጩን በምን ያስረዳ? በ1991 የወጣው ሕግ ይህን ሸክም አቀለለለት። በቪየትናም ያገለገለና በዝርዝሩ ከተጻፉት በሽታዎች አንዱ የያዘው ሰው፥ በሽታው ከአገልግሎቱ እንደ መጣ ይቈጠርለታል። በ2022ም በኢራቅና በአፍጋኒስታን የጦር ሰፈሮች ቆሻሻ ከሚቃጠልባቸው ጕድጓዶች የሚወጣውን ጢስ ለተነፈሱት ይኸው ዓይነት ሕግ ወጣላቸው። ነገር ግን ርጭቱ ከቆመ እስከ 1991 ድረስ 20 ዓመት አልፎ ነበር፤ ሕጉን ሳያዩ የሞቱም ብዙ ናቸው።

ወረቀቱ የጠፋበት ሰውስ? ጁላይ 12 ቀን 1973 በሴንት ሉዊስ ከተማ አጠገብ የወታደሮች መዝገብ በሚቀመጥበት ሕንፃ እሳት ተነሥቶ ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚደርስ ፋይል አጠፋ። ግልባጭ አልነበረውም። ከ1912 እስከ 1960 ከምድር ጦር የተሰናበቱት ሰዎች መዝገብ 80 በመቶ ያህሉ አመድ ሆነ፤ የሁለቱ የዓለም ጦርነቶችና የኮሪያ ዘማቾች በዚህ ውስጥ ናቸው። እንግዲህ እንዲህ ያለው ሰው የጓደኛውን የምስክርነት ቃል ወይም ከግንባር የጻፈውን ደብዳቤ ሊያቀርብ ይችላል። ማስረጃው በሁለቱም ወገን እኩል ከመዘነ ደግሞ ሕጉ ጥርጣሬውን ለወታደሩ ይፈርዳል።

ከእሳቱ ተርፎ በውሃ የራሰው ወረቀት በወተት ሣጥን እየተጫነ ተወሰደና የጠፈርን ሁኔታ ለመፈተሽ በተሠራ አየር አልባ ክፍል ውስጥ እንዲደርቅ ተደረገ። ተቃጥሎም ርሶም የተረፈው 6.5 ሚሊዮን ያህል መዝገብ ነው። ዳር ዳሩ የከሰለ ገጽ ቢሆንም፥ የወታደሩ ስምና ያገለገለበት ክፍል ከተነበበበት ከማመልከቻው ጋር ይያያዛል።