ሲጋራ በነጠላ፦ ለኮዬ ፈጬ ሰበካ ጉባኤያት የቀረበ ማሳሰቢያ

በኮዬ ፈጬ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ሥር ባሉ ሱቆችም ሆነ በሱቅ በደረቴዎች ዘንድ ሲጋራ በነጠላ ሲሸጥ ዝም ብለን ማለፍ አይገባንም። ሙሉ ፓኬት የመግዛት አቅም የሌለው ወጣት አንዷን በኪሱ ባለው ሳንቲም ይገዛል፤ ሱሱም ከዚያች አንዷ ይጀምራል። ስለዚህ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በነጠላ መሸጥን፣ ከ21 ዓመት በታች ለሆኑ መሸጥን፣ ትምባሆን ማስተዋወቅንና በሕዝብ መገልገያ ቤቶች ውስጥ ማጨስን ከልክሏል። በፓኬቱ ላይም 70 በመቶውን የሚሸፍን የጤና ማስጠንቀቂያ እንዲታተም አዝዟል።

ነገር ግን አዋጅ ብቻውን በየሱቁ ደጃፍ አይቆምም። ሰበካ ጉባኤያት ባለሱቅ ምእመናንን ሕጉን በፍቅር እንዲያስረዱ፣ ከነዋሪዎች ማኅበራትና ከወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ጋርም እንዲመክሩ እናሳስባለን።

ካህናት አባቶቻችንን ደግሞ አንድ ነገር እንለምናለን። በዓውደ ምሕረት የተነቀፈ አጫሽ ከደጀ ሰላም ይርቃል እንጂ ሲጋራውን አይተውም። ኒኮቲን ሰውነትን የሚያስር ስለ ሆነ፣ የንስሐ አባት ከምክሩ ጋር ልጁን ወደ ጤና ጣቢያ ቢልከው መልካም ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሞ፣ ሲጋራም ሳይነካ የዋለ ሰው መታገሥ እንደሚችል ራሱ አይቷል፤ መተውን ከዚያ ይጀምር።