ልብ ወለድ በአደባባይ ሲነበብ፦ ከነቀምቴና ከሌሎች የወለጋ ከተሞች አንጻር

1. መግቢያ

ግጥም ይነበነባል፤ ተውኔት በመድረክ ይታያል። ልብ ወለድ ግን ከእነዚህ ይልቅ የብቸኝነት ጥበብ ነው። አንባቢው ሲደክመው መጽሐፉን ያጥፋል፤ ያልገባው ነገር ካለ ገጹን ወደ ኋላ ይገልጣል። ደራሲው ራሱ በአንድ የክፍለ ሀገር ከተማ አዳራሽ ቆሞ ለተሰበሰበ ሕዝብ ሲያነብ ግን ይህ ሁሉ ነጻነት ይቀራል። አድማጩ ገጽ መግለጥ አይችልም፤ ያመለጠው አረፍተ ነገር አይመለስለትም። እንዲህ በሆነ ጊዜ ልብ ወለዱ ምን ለውጥ ይደርስበታል? አድማጩ በቤቱ ሌላ ቋንቋ የሚናገር ሲሆንስ? ይህ ጽሑፍ ሁለቱን ጥያቄዎች ነቀምቴን፣ ጊምቢን፣ ደምቢ ዶሎንና ሻምቡን ከመሳሰሉ የወለጋ ከተሞች አንጻር ለማብራራት ይሞክራል።

2. ከብራና እስከ ሬዲዮ

በአገራችን ጮክ ብሎ ማንበብ አዲስ ልማድ አይደለም። ገድልና ድርሳን ለምእመናን ሲነበብ ኖሯል። ፊደል የቆጠረ ሰው ላልቆጠረ ጎረቤቱ ደብዳቤና ጋዜጣ ሲያነብ ኖሯል። የአማርኛ ልብ ወለድ ታሪክ የሚጀምረው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም ላይ ከመታተሙ ነው። ልብ ወለድ ግን በሰፊው ሕዝብ ጆሮ ውስጥ የገባው በሬዲዮ ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በተዋናይ ወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተረክ፣ መጽሐፉን በእጃቸው ያልያዙ እጅግ ብዙ ሰዎች በዛብህን፣ ሰብለ ወንጌልንና ጉዱ ካሣን በድምፃቸው ለይተው አወቁ። ዛሬም ቢሆን ብዙ ሰው ያንን መጽሐፍ ሲያነብ በኅሊናው የሚሰማው የወጋየሁን ድምፅ ነው።

በሌላውም ዓለም ተመሳሳይ ምሳሌ አለ። እንግሊዛዊው ቻርልስ ዲክንስ ከ1858 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየከተማው እየተዘዋወረ ልብ ወለዶቹን ለከፋይ ታዳሚ ያነብ ነበር። ለዚህም የታተመውን መጽሐፍ እንዳለ አይወስድም፤ ይቆርጣል፣ ያሳጥራል፣ በኅዳጉ ላይ የድምፅና የእንቅስቃሴ ምልክት ይጽፋል። ከዚህ የምንማረው ለዓይን የተጻፈ ለጆሮ ሊቀርብ ሲል እንደገና መሰናዳት እንደሚያሻው ነው።

3. ወለጋ፦ የጆሮና የፊደል ታሪክ

ከአዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ነቀምቴ ለንባብ ባዳ አይደለችም። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የተረጐሙት ኦኔሲሞስ ነሲብ እ.ኤ.አ. በ1904 ወደዚች ከተማ መጥተው አስተምረዋል፤ በ1931 እ.ኤ.አ. ያረፉትም እዚያው ነው። የሥራ ባልደረባቸው አስቴር ጋኖ ተረቶችን፣ ዘፈኖችንና ምሳሌያዊ አነጋገሮችን ከቃል ወደ ጽሑፍ በመመለስ ታላቅ ድርሻ ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ1894 የታተመው የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ የዚህ ሥራ ውጤት ነው። ያን ጊዜ ኦሮምኛው የተጻፈው በኢትዮጵያ ፊደል ነበር። እንግዲህ በወለጋ የመጀመሪያው የንባብ መጽሐፍ ራሱ ከጆሮ ወደ ወረቀት የተሸጋገረ ነው ማለት ይቻላል።

በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ኦሮምኛን በዚሁ ፊደል አስተምሯል። በ1984 ዓ.ም. ግን ኦሮምኛ በላቲን ፊደል፣ ማለትም በቁቤ፣ እንዲጻፍ ተወሰነ። ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤት የገባው ትውልድ የመጀመሪያ ትምህርቱን በቁቤ ተምሯል፤ አማርኛን ያገኘው እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ነው። ስለዚህ ዛሬ በአንድ የወለጋ አዳራሽ ጐን ለጐን የሚቀመጡት አባትና ልጅ ሁለት የተለያዩ አንባቢዎች ናቸው። አባትየው የአማርኛ ልብ ወለድ ያለ ችግር ያነባል፤ ልጁ አማርኛን እየሰማ ቢረዳም 300 ገጽ በፊደል ማንበብ ይከብደዋል። በአንጻሩ በ1980ዎቹ የወጡትን የገዲሳ ብሩን «ኩሳ ጋዶ»ና የዳባ ወየሳን «ጎዳኒሳ» ልጁ ሲያነባቸው አባትየው በቁቤው ይደናቀፋል።

የአደባባይ ንባብ ጥቅም ጎልቶ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ፊደል የለያቸውን ሁለት ትውልዶች ድምፅ በአንድ ወንበር ያስቀምጣቸዋል።

4. አድማጩ ምን ይሰማል?

በጽሑፍ የማይታዩ፣ በንባብ ጊዜ ግን የሚጐሉ ጉዳዮች አሉ። ከእነዚህ አንዱ ምልልስ ነው። በአማርኛ አረፍተ ነገር ግሥ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ «አለ» ወይም «አለች» የሚለው ቃል የሚሰማው ንግግሩ ካለቀ በኋላ ነው። የመጽሐፍ አንባቢ ትእምርተ ጥቅሱን አይቶ ይዘጋጃል፤ አድማጭ ግን የማን ንግግር እንደሚሰማ ሳያውቅ እስከ መጨረሻው ይጠብቃል። የአንባቢው ድምፅ ተናጋሪውን አስቀድሞ ካላሳወቀ ምልልሱ ይደበላለቃል።

ሌላው የመጥበቅና የመላላት ጉዳይ ነው። ራሱ «አለ» የሚለው ቃል ሲላላ «ተናገረ»፣ ሲጠብቅ «ይገኛል» ማለት ይሆናል። ፊደላችን ይህን አይለይም፤ ድምፅ ግን ይለያል። ከዚህ አንጻር ጮክ ብሎ ማንበብ የመጀመሪያው የፍች ሥራ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የወለጋ አድማጭ ለሁለቱም ባዳ አይደለም። ኦሮምኛም እንደ አማርኛ ግሡን በአረፍተ ነገር መጨረሻ ያስቀምጣል፤ ማጥበቅና ማላላትንም ይለያል፤ በቁቤ የሚጠብቀው ድምፅ ፊደሉ ተደግሞ ይጻፋል። ከምድጃ ዳር ተረት የሚያወሩ አረጋውያን የጅቡንና የቀበሮውን ንግግር በድምፅ ቃና ለይተው ነው የሚያወርዱት። አድማጩም ዝም ብሎ አይቀመጥም። ይመልሳል፣ ያደንቃል፣ እንቆቅልሹን ይፈታል። ጌራርሳ ሲወርድም የሚቀበል ሰው ይፈልጋል። እንዲህ ባለ ልማድ ያደገ ታዳሚ ፊት ደራሲው አንገቱን ደፍቶ በአንድ ቃና ካነበበ የሚያሳዝነው ራሱን ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በአንዲት የወለጋ ከተማ የታዘበውን እዚህ ላይ መጥቀሱ አግባብ ይመስለዋል። እንግዳው ደራሲ ከመጽሐፋቸው መጀመሪያ ተነሥተው 40 ደቂቃ ያህል የመልክአ ምድር ገለጻ አነበቡ። የኋላ ወንበሮች ቀስ በቀስ ባዶ ሆኑ። ወደ ማብቂያው ግን ባልና ሚስት ስለ አንዲት ላም መሸጥ የሚከራከሩበትን ገጽ ገለጡ፤ አዳራሹ ሳቀ፤ የወጡትም በር ላይ ቆሙ። ከዚያም አንድ ሽማግሌ ተነሥተው በኦሮምኛ ጠየቁ፤ «ሴትዮዋ ለምን በመጨረሻ ዝም አለች?» ነበር ትርጉሙ። ደራሲው ጥቂት አሰቡና፣ «እኔ ዝም ያሰኘኋት አልመሰለኝም ነበር» ብለው መለሱ። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ እንጂ አልተቀመጡም። ከዚያ በኋላ የተደረገው ውይይት፣ አንድ መምህር በሁለቱም ቋንቋ እያስተረጐመ፣ ከንባቡ ይልቅ ረዘመ። በክፍል ውስጥ ስለ ተደራሲ ንድፈ ሐሳብ ለዓመታት ስናስተምር የኖርነውን ሽማግሌው በአንድ ጥያቄ አስረዱን።

5. ምን ይነበብ? እንዴት?

ከላይ ከተባለው ጥቂት ተግባራዊ ነጥቦች ይወጣሉ። አንድን የመጽሐፍ ገጽ ረጋ ብሎ ለማንበብ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ይፈጃል። 500 ገጽ ያለው ልብ ወለድ ከ16 እስከ 25 ሰዓት ይወስዳል ማለት ነው። በግማሽ ሰዓት የሚነበበው ከ10 እስከ 15 ገጽ ብቻ ስለሆነ መምረጥ ግድ ነው። የሚመረጠውም በራሱ የሚቆም፣ ግጭት ያለበት፣ ከሦስት የማይበልጡ ገጸ ባሕርያት የሚናገሩበት ክፍል ቢሆን ይመረጣል። ረጅም ገለጻ ካለ ይቆረጥ፤ ቀደም ያለው ታሪክ በሁለት አረፍተ ነገር በቃል ይነገር።

ቋንቋን በተመለከተ፣ የአማርኛው ደራሲ ከአንድ የኦሮምኛ ደራሲ ጋር በአንድ መድረክ ቢያነብ፣ ጥያቄም በሁለቱም ቋንቋ ቢፈቀድ፣ አንዱ ሥነ ጽሑፍ የሌላው እንግዳ ሳይሆን ጎረቤት ይሆናል። ጉዳዩ ለአማርኛ ሥነ ጽሑፍም ባዕድ አይደለም። በ1963 ዓ.ም. «ልጅነት»ን አሳትሞ የአማርኛ ግጥምን አዲስ መንገድ ያስያዘው ሰሎሞን ዴሬሳ የተወለደው ወለጋ ነው።

6. ማጠቃለያ

በቅርብ ዓመታት በወለጋ የደረሰው ግጭት የመንገድ ጉዞንና የምሽት ስብሰባን አክብዷል። እንዲህ ባለ ጊዜ ልብ ወለድ ይነበብ ማለት ቅንጦት የሚመስለው ሊኖር ይችላል። ይሁን እንጂ ሰዎች በአንድ ጣሪያ ሥር ተቀምጠው የሌላን ሰው ሕይወት እስከ መጨረሻው የሚያዳምጡበት፣ ከዚያም ተነሥተው የሚጠይቁበት ስፍራ ብዙ የለም። መምህራን ቢያንስ በትምህርት ቤታቸው አዳራሽ፣ በቀን ብርሃንም ቢሆን፣ በወር አንድ ጊዜ ይህን ሊሞክሩት ይችላሉ። የሚያስፈልገው አንድ መጽሐፍ፣ አስቀድሞ የተዘጋጀ አንባቢና ለጥያቄ የተተወ በቂ ጊዜ ነው። ከሦስቱም የመጨረሻው እንዳይዘነጋ።