ጆሮ በክረምት መንገድ ላይ

የክረምቱ ዕረፍት ሲገባ ብዙዎቻችሁ ከሚዛን ተፈሪና ከቴፒ ተነሥታችሁ በጅማ በኩል ወደ አዲስ አበባ ትጓዛላችሁ። መንገዱ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሞተሩ ያጓራል፤ ሾፌሩ ሙዚቃውን ከፍ ያደርጋል፤ ተሳፋሪው ደግሞ ሁለቱንም ለመሸፈን የጆሮ ማዳመጫውን ድምፅ ይጨምራል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ይህ ሦስተኛው ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው ያስቀመጠው ወሰን በሳምንት 40 ሰዓት፣ በ80 ዴሲቤል ነው። ድምፁ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፤ በ90 ዴሲቤል 4 ሰዓት ያህል ብቻ ይቀራል። የሳምንቱ ድርሻ እንግዲህ በግማሽ ቀን ጉዞ ያልቃል። በውስጠኛው ጆሮ ያሉት ፀጉር መሰል ሕዋሳት ደግሞ አንዴ ከሞቱ በሰው ላይ ዳግም አይተኩም። ስለዚህ የስፖንጅ መድፈኛ ያዙ፤ ጥጥ ብዙም አይከላከልም። (ሾፌሩን «ቀንስልን» ማለትም ይቻላል፤ ደፍሮ የሚል ጠፋ እንጂ።)

ወደ ጊቤ ሸለቆ ሲወረድ ጆሮ የሚደፈነው ግን በሌላ ምክንያት ነው፤ የውጭው የአየር ግፊት ስለሚጨምር ነው። ምራቅ መዋጥ ወይም ማዛጋት ይከፍተዋል። በክብሪት እንጨት መጎርጎር ታምቡርን ሊበሳ ይችላል። ከጉዞ በኋላ የሚጮኽ ጆሮ በማግስቱም ካልተወ ሐኪም ይየው።