የሰው ወርቅ አያደምቅ፦ የኪነት ማኅበሮቻችን ከማን ገንዘብ ይቀበሉ?

በስደት ባሉ ማኅበሮቻችን ስብሰባ ላይ የገንዘብ ነገር በተነሣ ቁጥር ሁለት ድምፆች ይሰማሉ። አንደኛው «ገንዘቡ ከየትም ይምጣ፣ ዋናው ሥራው መሠራቱ ነው» ይላል። ሁለተኛው «የእገሌን ገንዘብ ከምንነካ ማኅበሩ ቢዘጋ ይሻላል» ብሎ ጠረጴዛ ይደበድባል። ከዚያ ሁሉም ወደየቤቱ ይሄዳል፤ የአዳራሹ ኪራይ ግን ሳይከፈል ያድራል። እኔ ሁለቱንም ወገን ለዓመታት ሳዳምጥ ኖሬአለሁ። ሁለቱም ዋናውን ጥያቄ ይዘሉታል ባይ ነኝ። ለመሆኑ ገንዘቡ ምን ያስከትላል? ውሳኔውን የሚሰጠው ማን ነው? ሕዝቡስ ያውቀዋል ወይ?

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና ነገሩን በጭብጥ ላስረዳ። ለንደን ውስጥ በበጎ አድራጎት ድርጅትነት የተመዘገበ፣ የአማርኛ ቴአትርና የግጥም ምሽት የሚያዘጋጅ አንድ አነስተኛ ማኅበር አለን። እኔም ከባለአደራዎቹ አንዱ ነኝ። የዓመቱ ወጪያችን 24 ሺህ ፓውንድ ገደማ ነው። በቅርቡ አንድ ነጋዴ ወገናችን የወጪያችሁን ግማሽ፣ ማለትም 12 ሺህ ፓውንድ ልሸፍን አለን። ይመስገን! ይሁን እንጂ ሁለት ነገር አስከተለ። አንደኛ፣ ስሙ በይፋ እንዳይነገር። ሁለተኛ፣ በልምምድ ላይ ያለው ስለ ፖለቲካ እስረኞች የሚናገረው ቴአትር «ለዘንድሮ እንዲቆይ»። ቦርዱ ለሁለት ተከፍሏል። በወሩ መጨረሻ ድምፅ እንሰጣለን።

ውድ አንባቢ፣ ይህ ጣጣ የድሃ ማኅበር ብቻ እንዳይመስልህ። ቴት የተባለው ታላቁ የእንግሊዝ ሙዚየም እ.ኤ.አ. ከ1990 እስከ 2017 ከነዳጅ ኩባንያው ከቢፒ ድጋፍ ሲቀበል ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2010 ቢፒ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ በሚያስቆፍረው ጉድጓድ ላይ ፍንዳታ ደርሶ 11 ሠራተኞች ሞቱ፤ ባሕሩም በድፍድፍ ዘይት ተበከለ። ዘይቱ ገና እየፈሰሰ ሳለ፣ በዚያው ዓመት ሰኔ፣ ቴት የቢፒን የ20 ዓመት ድጋፍ በግብዣ አከበረ። «ለመሆኑ ስንት ነው የሚሰጧችሁ?» ተብሎ በመረጃ ነፃነት ሕግ ሲጠየቅም ሙሉውን አልናገርም አለ። ጉዳዩ ከዳኞች ፊት ቀርቦ፣ ቁጥሩ የወጣው እ.ኤ.አ. በጥር 2015 ነው። ከ1990 እስከ 2006 በነበሩት 17 ዓመታት የተሰጠው 3.8 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር። በዓመት 224 ሺህ ገደማ መሆኑ ነው! ለእኛ ቢሆን ሀብት ነው፤ ለቴት ግን ከገቢው ኢምንት ነበር። ያን ያህል ሲደበቅ የኖረው፣ ስሙ በምን ያህል ርካሽ ዋጋ እንደተከራየ ነበር ማለት ነው።

ሁለተኛውን ምሳሌ ልጨምር። ኦክሲኮንቲን የተባለውን ሱስ አስያዥ የሕመም ማስታገሻ ያመርት የነበረው ፐርዱ ፋርማ እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ ፍርድ ቤት የወንጀል ጥፋተኝነቱን አምኗል። ባለቤቶቹ የሳክለር ቤተሰብ አባላት በበኩላቸው እኛ በግል ጥፋት የለብንም ይላሉ። እነዚህ ሰዎች የታወቁ የኪነ ጥበብ ለጋሾች ነበሩ። ከቤተሰቡ አንድ የበጎ አድራጎት ተቋም ለለንደኑ ናሽናል ፖርትሬት ጋለሪ ሊሰጥ የነበረው 1 ሚሊዮን ፓውንድ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2019 በሁለቱ ስምምነት ቀረ። ከዚያ በፊት በዚሁ መድኃኒት ሱስ ተይዛ የነበረችው ፎቶግራፍ አንሺ ናን ጎልዲን፣ ገንዘቡን ከተቀበላችሁ ሥራዬን በእናንተ ቤት አላሳይም ብላ ነበር። አንዲት አርቲስት ሥራዋን ልታጣ ቆርጣ ስትነሣ ሚሊዮኑ ቀረ!

ሦስተኛው ምሳሌ ከእኛው ጋር ይነካካል። ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2017 የከፈተውን ግቢ በሳክለር ስም ሰይሞት ነበር፤ በ2022 ግን ስሙን አነሣው። በዚያው ሙዚየም ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ የተዘረፈው የወርቅ ዘውድ ይገኛል። በ2018 የሙዚየሙ ዳይሬክተር የመቅደላን ቅርሶች ለረጅም ጊዜ በውሰት ለኢትዮጵያ መስጠት ይቻላል አሉ። የገዛ ንብረታችንን በውሰት! የለጋሹ ስም በ5 ዓመት ከግድግዳ ወረደ፤ ዘውዱ ግን እስካሁን ወደ አገሩ አልተመለሰም። እነዚህን ተቋማት «ይህ ከየት መጣ? በምን አኳኋን ገባ?» ብለን የምንሞግት ሰዎች፣ ተራው ደርሶን ስንጠየቅ ምን እንመልስ ይሆን?

ለነገሩ እኛም ለዚህ ጉዳይ ባዕድ አይደለንም። የጥንቱ አዝማሪ ያበላውን ጌታ ያወድሳል፤ ሆኖም በሰምና ወርቅ መውጊያ ቀዳዳ አያጣም ነበር። በደርግ ዘመን በልጅነቴ ያየኋቸው የቀበሌ ኪነት ቡድኖች ግን ያቺ ቀዳዳ እንኳ አልነበረቻቸውም፤ ግጥሙም ዜማውም የከፋዩ ነበር። ዛሬ ልዩነቱ ከፋዩ ካድሬ መሆኑ ቀርቶ ነጋዴ መሆኑ ብቻ ከሆነ ምኑን ተሰደድነው?

በሌላ በኩል «የገንዘቡ ምንጭ» የሚለው ጥያቄ ራሱ ዱላ ሊሆን እንደሚችል ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም። ኢሕአዴግ በአዋጅ ቁጥር 621/2001 (እ.ኤ.አ. 2009) ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ ምንጭ የሚያገኙ ማኅበራት በሰብዓዊ መብትና በዴሞክራሲ ጉዳይ እንዳይሠሩ ከለከለ። የመብት ተሟጋቾችን አንገት ያነቀው ይህ ሕግ በሌላ አዋጅ የተተካው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። እዚህ በስደት ዓለምም «ገንዘቡ የእገሌ ነው» በሚል አሉባልታ ብቻ የፈረሱ ማኅበራት አሉ። ስለዚህ ጥያቄው በሐሜት ሳይሆን በደንብና በመዝገብ መመለስ አለበት።

የምንኖርበት አገር ሕግም ይህንኑ ይላል። የእንግሊዝና የዌልስ የበጎ አድራጎት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ መነሻው የተሰጠውን መቀበል ነው። ባለአደራዎች አልቀበልም ወይም እመልሳለሁ ሲሉ ሰውየውን ስለጠሉት ሊሆን አይችልም። የድርጅቱን ጥቅም መዝነው፣ ምክንያታቸውን በጽሑፍ ማስፈር ይጠበቅባቸዋል። ኩርፊያ ምክንያት አይሆንም ማለት ነው።

ታዲያ የእኛን ጉዳይ በዚህ ሚዛን እንየው። ስሙ እንዳይነገር መፈለጉን እረዳለሁ፤ አገር ቤት ላለ ቤተሰቡ ሰግቶ ሊሆን ይችላል። ቦርዱ ማንነቱንና የገንዘቡን ምንጭ ካወቀ፣ ለሕዝብ ደግሞ መጠኑና ሁኔታው ከተነገረ፣ ስሙ ቢቀር ቅር አይለኝም። ቴአትሩ ይቆይ የሚለው ግን ሌላ ነው። ማኅበሩ የተቋቋመው አገር ቤት መድረክ ያጣ ሥራ እዚህ እንዲያገኝ ነው። ይህን ከሸጥን ግማሹን ወጪ አግኝተን ሙሉውን ማኅበር አጣን። ደግሞስ አንድ ጊዜ ከበላን በኋላ አፍ አውጥቶ የሚናገር «የበላበትን ወጪት ሰባሪ» ይባላል። የመጪው ዓመት ቴአትርም ከመጻፉ በፊት ለጋሹ ምን ይል ይሆን እየተባለ መታሰቡ አይቀርም።

አንዲት የቦርድ አባል ያነሣችው ክርክር ግን በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። «በዚህ ገንዘብ ቅዳሜ ቅዳሜ 30 ልጆች በአማርኛ ድራማ ይማራሉ። ትምህርቱ ሲዘጋ ለልጆቹ የምትነግሯቸው እናንተ ናችሁ ወይስ እኔ?» አለች። እውነቷን ነው። እምቢታ ዋጋ አለው፤ ዋጋውን ደግሞ ልጆቹ ሊከፍሉት አይገባም።

ስለዚህ የእኔ ድምፅ የሚከተለው ነው። ለነጋዴው ወገናችን በአክብሮት እንጻፍላቸው፦ ስምዎን እንጠብቃለን፣ መጠኑን እናሳውቃለን፣ የቴአትር ምርጫውን ለእኛ ይተዉልን። ከተስማሙ በምስጋና እንቀበላለን፤ ካልሆነም በሰላም እንለያይ። ከእንግዲህ ደግሞ ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ገንዘብ ከመምጣቱ በፊት ደንብ ይኑረን። ከ1 ሺህ ፓውንድ በላይ የሆነ ስጦታ ሁሉ ምንጩና ቅድመ ሁኔታው በቦርዱ ይመርመር፤ ውሳኔው በጽሑፍ ይስፈር፤ መጠኑም ለአባላት ጉባኤ ይነበብ።

ቀሪው የእናንተ ነው። 100 ሰው በወር 10 ፓውንድ ቢያዋጣ በዓመት 12 ሺህ ፓውንድ ይሆናል፤ ልክ አሁን የቀረበልን ያህል! «እንዳትቀበሉ!» እያላችሁ በየስብሰባው የምትጮኹ ወገኖቼ ከ100 በላይ እንደሆናችሁ አውቃለሁ፤ ቆጥሬአችኋለሁም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን ከአፋችን ወደ ኪሳችን እናውርደው። ያኔ ቴአትሩም ይታያል፣ ልጆቹም ይማራሉ፣ የማንም ወርቅ አያስፈልገንም።

ቸር ይግጠመን!