ውኃው ሲበከል ሒሳቡን ማን ይክፈል?

ንጹሕ ውኃ ለጤንነት መሠረት መሆኑን የማያውቅ አንባቢ አለ ብለን አናምንም። ውኃን ስለ ማፍላት፣ ስለ ማጥለልና በንጹሕ ዕቃ ስለ ማስቀመጥ በእነዚህ ገጾች ብዙ ጊዜ ተጽፏል። ዛሬ የምናነሣው ግን በምድጃ ላይ የማይፈታ ጉዳይ ነው። ይኸውም ማዕድን ቆፋሪ ወይም ፋብሪካ የመጠጥ ውኃን ሲያበላሽ፣ ውኃውን ለማጥራትና የተጎዳውን ለመካስ የሚወጣውን ገንዘብ መክፈል የሚገባው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ነው።

በጦር ኃይሎች ቆሞ ዙሪያውን የሚመለከት ሰው በየአቅጣጫው ወደ ላይ የሚያድጉ ሕንጻዎችን ያያል። የእነዚህ ሁሉ ማያያዣ ሲሚንቶ ነው። ሲሚንቶ ከኖራ ድንጋይና ከሸክላ አፈር ይሠራል፤ ድንጋዩም 1,400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚያልፍ እሳት መቃጠል አለበት። ለዚህ እሳት የአገራችን የሲሚንቶ ፋብሪካዎች በብዛት የሚጠቀሙት የድንጋይ ከሰል ሲሆን፣ ከደቡብ አፍሪካ ይመጣ የነበረውን ከሰል በአገር ውስጥ ምርት ለመተካት በቅርብ ዓመታት ብዙ ጥረት ተደርጓል። የአገር ውስጡ ከሰል የሚገኘው በጅማ ዙሪያ በደልቢና በሞዬ፣ በኢሉ አባ ቦር በያዩ፣ በዳውሮና በሌሎችም ስፍራዎች ነው። እንግዲህ በጦር ኃይሎች ቤት የሠራ ሰው ከሰሉን በዓይኑ አይቶት ባያውቅም፣ ከሰሉ በግድግዳው ውስጥ አለ ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

ከሰል ውኃን የሚያበላሽበትን መንገድ በጥቂቱ እናስረዳ። በከሰሉና በዙሪያው ባለው ድንጋይ ውስጥ ብዙ ጊዜ ፓይራይት የሚባል፣ ብረትና ድኝ የተዋሐዱበት ማዕድን ይገኛል። ይህ ማዕድን መሬት ውስጥ ተቀብሮ ሳለ ማንንም አይጎዳም። ቆፋሪው ገልጦት ከአየርና ከዝናብ ጋር ሲገናኝ ግን ድኙ ወደ ሰልፈሪክ አሲድ ይለወጣል፤ በመኪና ባትሪ ውስጥ ያለው አሲድ መሆኑ ነው። አሲዱም በሚያልፍበት ድንጋይ ውስጥ ያሉትን ብረት፣ ማንጋኒዝና አሉሚኒየም እያሟሟ ወደ ምንጭና ወደ ወንዝ ያወርዳል። የወንዙ ድንጋይ ዝገት የመሰለ ልባስ ይለብሳል፤ ዓሣው ይሞታል፤ በዚያ ውኃ የታጠበ ነጭ ልብስ ወደ ነጭነቱ አይመለስም። እርግጥ ከሰል ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ድኙ ጥቂት የሆነ ከሰል አለ፤ በአጠገቡም የኖራ ድንጋይ ካለ አሲዱን ያበርደዋል። ስለዚህ የአንዱን ስፍራ ጉዳት ለሌላው ማውራት አይገባም፤ እያንዳንዱ በራሱ መመርመር አለበት። ከሁሉ የሚከፋው ግን አሲዱ አንዴ መፍለቅ ከጀመረ ማዕድኑ ተዘግቶ፣ ሠራተኛው ተበትኖ፣ የኩባንያው ስም ከተረሳም በኋላ ለብዙ አሥርተ ዓመታት መፍሰሱን የማያቋርጥ መሆኑ ነው።

ከዚህም በቀር የአገራችን ከሰል አፈርና አመድ የሚበዛበት ስለ ሆነ ለፋብሪካ ከመቅረቡ በፊት መታጠብ ይፈልጋል። የታጠበበት ጥቁር ውኃ በኩሬ ታግቶ ተጣርቶ እንደ ገና ሊሠራበት ይገባል። ወደ ጅረት የተለቀቀ እንደ ሆነ ታችኛው መንደር የሚቀዳው ያንኑ ነው።

እዚህ ላይ ለቤት እመቤቶችም ለመምህራንም የምንነግረው አንድ ነገር አለን። ውኃን ማፍላት ተቅማጥን፣ የአንጀት ተስቦንና ኮሌራን የሚያመጡትን ሕዋሳት ይገድላል፤ ውኃ አጋርን የመሰለ የክሎሪን መድኃኒትም እንዲሁ ያደርጋል። በውኃ ውስጥ የሟሟ ማዕድንን ግን ማፍላትም ክሎሪንም አያወጡትም። እንዲያውም ውኃው በእንፋሎት ሲቀንስ፣ በቀረው ውስጥ ያለው የማዕድን መጠን ከፍ ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት በመጠጥ ውኃ ውስጥ ከሚፈቅደው በላይ እርሳስ እንዳይገኝ ያሳሰበበት መጠን በአንድ ሊትር 0.01 ሚሊግራም ነው፤ ይህን በዓይን ማየት፣ በምላስም መቅመስ አይቻልም። እርሳስ የሚጎዳው ደግሞ ከሁሉ በፊት የሕፃናትን አእምሮ ነው። ክፍል ውስጥ ትምህርት የሚከብደውን ልጅ ሰነፍ ብሎ ለመፍረድ የሚቸኩል ሰው ይህን ማወቅ ይጠቅመዋል። እናት በምድጃዋ ልታስወግደው የማትችለውን ነገር እንድታስወግድ መምከር ደግሞ ከንቱ ምክር ነው። ስለዚህ ነው ከንጽሕና ትምህርት አልፈን ወደ ገንዘብና ወደ ሕግ ነገር የገባነው።

በውጭ አገር በተማርንበት ጊዜ እንዲህ ያለ ብክለት በደኅና ሕግና በደኅና ፍርድ ቤት ያለ ችግር የሚፈታ ይመስለን ነበር። ቀጥሎ የምንተርከው ታሪክ እንደዚያ አለመሆኑን ያስረዳል። እ.ኤ.አ. ጥር 9 ቀን 2014 በአሜሪካ በዌስት ቨርጂኒያ፣ በኤልክ ወንዝ ዳር ከቆመ አንድ አሮጌ ታንከር ከሰል ማጠቢያ ኬሚካል ወደ ወንዙ ፈሰሰ። የፈሰሰው ወደ 38 ሺህ ሊትር ይገመታል። ከዚያ በታች፣ ሦስት ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት፣ የከተማው የመጠጥ ውኃ መሳቢያ ነበረ። ነገሩ የታወቀው ነዋሪዎች እንግዳ ሽታ ሸቶናል ብለው በማመልከታቸው ነው። ዘጠኝ አውራጃዎች ውስጥ ያሉ 300 ሺህ ያህል ሰዎች ከቧንቧቸው እንዳይጠጡ፣ እንዳያበስሉ፣ ገላቸውንም እንዳይታጠቡ ታዘዙ። የታንከሩ ባለቤት የሆነው ኩባንያ ምን አደረገ? በስምንተኛው ቀን ከስሬአለሁ ብሎ ለፍርድ ቤት አመለከተ። ከኃላፊዎቹ አንዱ በመጨረሻ የተፈረደበት የ30 ቀን እስራትና የ20 ሺህ ዶላር መቀጫ ነው። ለሕዝቡ ካሣ የሚሆን 151 ሚሊዮን ዶላር የተስማሙት እ.ኤ.አ. በ2016 ሲሆን፣ የተስማሙትም ውኃ አከፋፋዩና ኬሚካሉን የሠራው ፋብሪካ እንጂ ያፈሰሰው ኩባንያ አልነበረም። ሕጉ ነበረ፤ ፍርድ ቤቱም ነበረ፤ ከኪሱ የሚወሰድለት ሰው ግን ኪሱ ባዶ ሆኖ ተገኘ።

የዌልስ ታሪክ ከዚህ ይብሳል። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 21 ቀን 1966 አበርፋን በምትባል መንደር ላይ ከከሰል ማዕድን የወጣ ቁልል ተንዶ 144 ሰዎችን ገደለ፤ ከእነዚህ 116ቱ ሕፃናት ሲሆኑ አብዛኞቹ በትምህርት ቤታቸው ውስጥ ነበሩ። የቀረውን ቁልል ከመንደሪቱ በላይ ለማንሳት ከወጣው ገንዘብ ውስጥ 150 ሺህ ፓውንድ የተወሰደው ሕዝብ ለሐዘንተኞቹ ካዋጣው የእርዳታ ገንዘብ ነው። መንግሥት ያንን ገንዘብ የመለሰው ከ30 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1997 ነው፤ የመለሰውም ያለ ወለድ ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። በጦር ኃይሎች አካባቢ የከሰል ማዕድን የለም፤ ሒሳቡ ግን አለ። ከኮልፌ በኩል የሚወርዱት ጅረቶች የሚገቡበት ትንሹ አቃቂ የቤቶችን፣ የጋራዦችንና የፋብሪካዎችን ፍሳሽ ተሸክሞ በመካኒሳ በኩል ወደ አባ ሳሙኤል ይጓዛል። በመንገዱም ጎመን፣ ሰላጣና ቆስጣ ይጠጣበታል፤ ያ አትክልት ተመልሶ ወደ ገበያችን ይመጣል። የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ክሮሚየም የሚባል ብረት እንዳለበት የታወቀ ነው። የእኛ የከተማው ምዕራብ ክፍል በአምቦ መንገድ ካለው ከገፈርሳ ግድብ ጭምር ስለሚጠጣ ችግሩ ሩቅ ይመስለን ይሆናል። ሆኖም ከተማው ከአቃቂ ጉድጓዶችም ይጠጣል፤ እነዚያም ያሉት ወንዞቻችን ወደሚወርዱበት ወደ ደቡብ ነው።

ከጦር ኃይሎች ብዙ ሳይርቅ ረጲ ላይ ያለው ቆሼም ለዚህ ነገር ምስክር ነው። ከተማው በሙሉ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቆሻሻውን በዚያ ሲጥል ኖረ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ሲናድ ከ110 በላይ የሚሆኑ ሰዎች ሞቱ፤ ሟቾቹም በክምሩ ሥር ጎጆ የቀለሱ ድሆች ነበሩ። ቆሻሻውን የጣልነው ሁላችን፣ የከፈሉት ግን እነርሱ ናቸው።

በግንቦት 2011 ዓ.ም. የአዲስ አበባን የወንዝ ዳርቻዎች ለማልማት «ገበታ ለሸገር» በተባለው ራት ላይ ለአንድ ሰው የ5 ሚሊዮን ብር መቀመጫ መዘጋጀቱ ይታወሳል። ለወንዝ ገንዘብ መስጠት የሚያስመሰግን ነው፤ ለጋሾቹንም አንነቅፍም። ነገር ግን ልግስና ዕዳ አይደለም። ለጋሽ ቢወድ ይሰጣል፤ ባይወድ ይተዋል። ዕዳ ያለበት ሰው ግን መክፈል ግዴታው ነው።

ሕጋችንስ ምን ይላል? በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ሰዎች ሁሉ ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳላቸው ደንግጓል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የበከለ ሰው እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል ያዛል። የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002ም ባለ ፈቃዱ አካባቢውን መልሶ ለማዳን የሚሆን ገንዘብ እንዲመድብ ግዴታ ጥሎበታል። ቃሉ መልካም ነው። ሆኖም አዋጅ ቁጥር 300 በወጣበት ጊዜ በድርጅቶች ላይ የጣለው መደበኛ መቀጫ በአሥር ሺህዎች ብር የሚቆጠር ነበር፤ ለአንድ ትልቅ ፋብሪካ ማጣሪያ ከመትከል ይልቅ መቀጫውን እየከፈሉ መኖር የሚረክስ ከሆነ፣ መቀጫው ቅጣት መሆኑ ቀርቶ የፈቃድ ክፍያ ይሆናል።

አንዳንድ ሰዎች ወጪውን በኩባንያው ላይ ብንጥል ሲሚንቶ ይወደዳል፣ ሥራም ይጠፋል ይላሉ። ይህ ክርክር በቀላሉ የሚናቅ አይደለም፤ እኛም ማዕድኑ ይዘጋ አላልንም። ሲሚንቶ ይወደዳል ማለት ግን ምን ማለት ነው? ዛሬ ዋጋው ዝቅ ያለው ውኃ የማጥራቱ ወጪ ስላልተጨመረበት ከሆነ፣ ልዩነቱን ሌላ ሰው እየከፈለልን ነው። ያ ሌላ ሰው ምንጯ ስለ ተበላሸባት አንድ ሰዓት ተጨማሪ የምትሄድ እንስራ ተሸካሚ ናት፤ ከብቱ የታመመበት ገበሬ ነው። ፎቅ የሚሠራ የከተማ ሰው በኩንታል ጥቂት ብር ቢጨምር ይችለዋል፤ እርሷ ግን የምትጨምረው የላትም። ስለዚህ የእኛ ፍርድ እንዲህ ነው፤ በቅድሚያ የሚከፍለው ባለ ማዕድኑ ይሁን፤ እርሱም ወጪውን በዋጋው ላይ ይጨምር፤ በመጨረሻ በሲሚንቶው የተጠቀምነው እኛ እንክፈለው።

የሚከፈልበትም ጊዜ ከመጠኑ ያላነሰ ቁም ነገር ነው። የኤልክ ወንዝ ታሪክ እንዳሳየን ከጉዳቱ በኋላ የሚፈለግ ባለ ዕዳ አይገኝም። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1977 ባወጡት ሕግ፣ ባለቤት አልባ ሆነው የቀሩትን የከሰል ጉድጓዶች ለማዳን ከመሬት በላይ በሚቆፈር በእያንዳንዱ ቶን ከሰል ላይ 35 ሳንቲም፣ ከመሬት ውስጥ በሚወጣው ላይ 15 ሳንቲም ጣሉ፤ አዲስ ቆፋሪም ሥራ ሳይጀምር መያዣ እንዲያስይዝ አዘዙ። መያዣው የማይበቃበት ጊዜ መኖሩ ባይካድም፣ ከባዶ ኪስ ይሻላል። በእኛም አገር የመጀመሪያው አካፋ መሬት ሳይነካ ገንዘቡ በባንክ ሊቀመጥ ይገባል እንላለን።

ከገንዘቡ ጋር መቅደም ያለበት ደግሞ የውኃ ምርመራ ነው። በጉጂ የለገ ደምቢ የወርቅ ማዕድን ነዋሪዎች ልጆቻችንና ከብቶቻችን በኬሚካል ተጎዱ ብለው ሲጮሁ፣ በግንቦት 2010 ዓ.ም. ፈቃዱ ታገደ፣ ጥናትም እንዲደረግ ታዘዘ፤ ከዓመታት በኋላ ሥራው እንደ ገና ቀጠለ። ማዕድን ከተከፈተ ከብዙ ዓመት በኋላ የሚደረግ ጥናት ውኃው ቀድሞ ምን ይመስል እንደ ነበር በቀላሉ ሊናገር አይችልም። ክርክሩም በነዋሪው ቃልና በባለ ማዕድኑ ቃል መካከል ይቀራል። በያዩ፣ የዱር ቡና ጫካው እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ በተመዘገበበት ስፍራ፣ የሚያልፈው ገባ ወንዝ ወደ ታች ወርዶ ከብርብር ጋር ተገናኝቶ ባሮን ይሠራል። እንዲህ ባለው ስፍራ ቁፋሮ ከመስፋፋቱ በፊት የየምንጩ ውኃ ተመርምሮ ውጤቱ በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ ብዙ ክርክር ይድናል።

ይህ ሥራ ለመምህራንም ይመቻል። አንድ የሳይንስ መምህር ከተማሪዎቹ ጋር በየወሩ በአንድ ቀን፣ በአንድ ስፍራ የወንዙን ቀለም፣ ሽታና አሲድነት በመለኪያ ወረቀት እያየ በደብተር ቢመዘግብ፣ ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ ማንም ሊያስተባብለው የሚቸግር ማስረጃ ይኖረዋል። በጦር ኃይሎችና በኮልፌ ያሉት ትምህርት ቤቶች በአጠገባቸው የሚያልፈውን ጅረት ይዘው ሊጀምሩ ይችላሉ። ልጆቹ ግን ውኃውን በባዶ እጅ እንዳይነኩ፣ ከሥራውም በኋላ በሳሙና እንዲታጠቡ ይሁን።

ብክለት ያየ ሰው አቤቱታ ለማቅረብ እርሱ ራሱ መጎዳቱን ማስረዳት እንደማይጠበቅበት አዋጅ ቁጥር 300 በአንቀጽ 11 ይናገራል። በ1990ዎቹ መጨረሻ አንድ የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ስለ አቃቂና ስለ ሞጆ ወንዞች ብክለት የፌዴራሉን የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ከሶ አልተሳካለትም። ስለዚህ አቤቱታውን ለማን፣ በማንስ ላይ እንደሚያቀርቡ አስቀድሞ መለየት ያስፈልጋል። የአዲስ አበባ ነዋሪ ማመልከቻውን ለከተማው አካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን በጽሑፍ ያቀርባል፤ የበካዩን ስም፣ ስፍራውንና ቀኑን ይገልጻል፤ የተቀበሉበትን ቀን የሚያሳይ ማኅተም ያለበት ግልባጭም በእጁ ያስቀራል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ፣ ወይም አመልካቹ በውሳኔው ቅር ከተሰኘ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ቀኑ የሚቆጠረው በማኅተሙ ስለ ሆነ ግልባጩን ሳይዙ ከመሥሪያ ቤቱ መውጣት አይገባም።