ሰባት ሰው የሚጭን መኪና ልትገዙ ነው?

ከጥር 2016 ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሏል። ስለዚህ «አዲስ ፕራዶ ፈልግልኝ» ብሎ ለሚደውልልኝ ሁሉ መልሴ አጭር ነው፦ ወይ ቀድሞ የገባ፣ ወይ ኤሌክትሪክ።

ለሰፊ ቤተሰብ አዘውትሬ የምፈትሸው የፎልክስዋገን አይዲ 6 ነው። የተሠራው ለቻይና ገበያ ስለሆነ ቻርጅ መሰኪያው የአውሮፓውን አይቀበልም። የሚነገራችሁ ኪሎ ሜትርም በቻይና መለኪያ የተለካ ነው፤ ቀነስ አድርጋችሁ ያዙት።

ገዢ ይዤ የምነሳው ፒያሳ ከማዘጋጃ ቤት ነው። በቸርችል ጎዳና ወደ ለገሃር ቁልቁል ስንወርድ መኪናው ራሱን ሲይዝ ባትሪውን መልሶ ስለሚሞላ ፐርሰንቱ ንቅንቅ አይልም። ደላላ ማሳየት የሚወደው እሱን ነው! እናንተ ግን ዳገቱን ሲመለስ እዩት፤ ቤተሰቡን ሞልታችሁ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ረጅሙን ልጅ አስቀምጡት። ባትሪው ከሥር ስለተነጠፈ ወለሉ ከፍ ይላል፤ ጉልበቱ ደረቱ ጋ ከደረሰ ላንጋኖ ድረስ እያማረረ ነው የሚሄደው።

ሳትከፍሉ ሊፍት ላይ ይሰቀል። የባትሪው ሽፋን የጎደጎደ ወይም የተበየደ ከሆነ ዋጋ መከራከሩን ተዉት፣ ሌላ እንፈልጋለን።